ሕጋችሁ የቀረጸው ቬፕ

ለ፦ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ የትምባሆ ምርቶች ማዕከል
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ግልባጭ፦ በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው ሱቅ ለከፈታችሁ፣ ልጅ ለምታሳድጉ ወገኖቼ በሙሉ

ጉዳዩ፦ ስለ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ (ቬፕ) የሚወጡ ደንቦች የዕቃውን ቅርጽ እየለወጡ በውስጡ ያለውን ኒኮቲን ሳይነኩት ማለፋቸውን ይመለከታል

የመሥሪያ ቤታችሁ ዋና ግቢ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኒው ሃምፕሻየር ጎዳና ላይ ነው። የእኔ ሱቅ ከዚያ ሩቅ አይደለም። በአካባቢያችን የአማርኛ ምልክት የሰቀሉ ምግብ ቤቶች፣ እንጀራ መሸጫዎች፣ የታክስ ባለሙያዎችና የጉዞ ወኪሎች ሞልተዋል። ከነዳጅ ማደያ ወይም ከሰፈር ሱቅ ገብታችሁ ሎተሪ፣ ሲጋራ ወይም ቬፕ ብትጠይቁ፣ ከባንኮኒው ጀርባ የቆመው ሰው ሐበሻ የመሆኑ ነገር እንግዳ አይሆንባችሁም። እናንተ ግቢያችሁ ውስጥ የምትጽፉት ደንብ ሥራ ላይ የሚውለው በዚያ ሰው እጅ ነው። ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩትም እሱ እንዲያነበው ነው፤ የእንግሊዝኛውን ቅጂ ለእናንተ በፖስታ እልካለሁ።

ሁለት ነገር አስቀድሜ ልናገር። ቬፕ ለልጅ አይገባም። በዚህ ጉዳይ ከእናንተ ጋር የምከራከርበት ነገር የለኝም፤ እኔም አባት ነኝ። በሌላ በኩል፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲጋራ ሲያጨሱ ኖረው በቬፕ ምክንያት የተዉ አዋቂዎች አሉ። አውቃቸዋለሁ፤ በየቀኑ ሱቄ ይመጣሉ። ሕግ ሁለቱንም ማየት አለበት። አሁን ያለው አሠራር ግን ልጁንም በቅጡ አልጠበቀም፣ አዋቂውንም ግራ አጋብቶታል። ምክንያቱ አንድ ይመስለኛል፦ ደንቦቻችሁ መስመር የሚያሰምሩት በዕቃው መልክ ላይ ነው። መስመር በተሰመረ ቁጥር አምራቹ ዕቃውን ከመስመሩ ማዶ አድርጎ እንደገና ይሠራዋል። መልኩ ይለወጣል፣ ሰው ሳንባ ውስጥ የሚገባው ኒኮቲን ግን ባለበት ይቆያል፤ አንዳንዴም ይጨምራል።

ኮንግረስ ትምባሆን የመቆጣጠር ሥልጣን የሰጣችሁ እ.ኤ.አ. በጁን 2009 ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በ2016 ባወጣችሁት ደንብ ሥልጣናችሁን ወደ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ አሰፋችሁ። ከኦገስት 8 ቀን 2016 ጀምሮ አዲስ ዕቃ ያለ ፈቃድ ገበያ ላይ ማውጣት ተከለከለ፤ ቀድሞ የነበረውም ቢሆን ከተለወጠ እንደ አዲስ ይቆጠራል ተባለ። ሐሳቡ ገበያውን ባለበት ማቆም ነበር። ሐሳቡን አልነቅፈውም። ነገር ግን ያ ቀን የተሻለውንም አብሮ አቆመው። አንድ አምራች ባትሪው እንዳይግል የሚያደርግ የተሻለ ሰርኪት ቢያገኝ እንኳ ማስገባት አይችልም ነበር፤ አዲስ ዕቃ ይሆንበታላ! የባትሪ ደህንነት መመዘኛን ለማሟላት፣ እንዲሁም የፈሳሹ ጠርሙስ በልጅ እጅ ቢገለበጥ እንዳይፈስ ለማድረግ የሚደረግን ለውጥ በዝምታ እናልፋለን ያላችሁት በ2019 መገባደጃ ላይ ነው። ሰው ኪሱ ውስጥ ስለሚይዘው ባትሪ ከሦስት ዓመት በላይ መጠበቅ አልነበረብንም።

በዚያው ወቅት ሱቆችን ያጥለቀለቀው ጁል የሚባለው ቬፕ ነበር። በ2015 ነው የወጣው። ትንሽ ነው፣ ፍላሽ ዲስክ ይመስላል፣ ሽታው ቶሎ ይጠፋል። ኃይሉ ግን ከመልኩ ሳይሆን ከፈሳሹ ነበር። ኒኮቲን ብቻውን በብዛት ሲተን ጉሮሮ ይቧጥጣል፤ ሰውየው ሳይወድ በግዱ ይገታል። ቤንዞይክ አሲድ ሲጨመርበት ይለዝባል፤ ብዙው ኒኮቲን ሳያስል ይወርዳል። አሜሪካ ውስጥ ይሸጥ የነበረው ባለ 5 በመቶው ጁል በአንድ ሚሊ ሊትር 59 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ነበረው። አውሮፓ ውስጥ በ2014 በወጣው የኅብረቱ መመሪያ ጣሪያው 20 ሚሊ ግራም ስለሆነ፣ ይኸው ድርጅት እዚያ ሲገባ ቀንሶ መሸጥ ግድ ሆነበት። እስራኤልም በ2018 ከ20 ሚሊ ግራም የሚበልጠውን ጁል ከለከለች። ኩባንያው ያው ነው፣ ስሙም ያው ነው፤ ቴል አቪቭ ያለው ልጅና ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ልጅ ግን አንድ ዓይነት ዕቃ አልተሸጠላቸውም። ልዩነቱን ያመጣው የኒኮቲኑን መጠን በቁጥር የገደበ ሕግ መኖሩና አለመኖሩ ነው።

እኛ ዘንድ ጣሪያ አልነበረም፣ ዛሬም የለም። በ2019 ባደረጋችሁት ብሔራዊ የወጣቶች ጥናት ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች 27.5 በመቶው ቬፕ እንደሚያጨሱ ተገኘ። አገር ተደናገጠ፣ መደንገጡም ተገቢ ነበር። በጃንዋሪ 2020 ውሳኔያችሁን አወጣችሁ፦ ጣዕም ያላቸው፣ በካርትሪጅ፣ ማለትም ተነቅሎ በሚቀየር የፈሳሽ መያዣ፣ የሚሠሩ ቬፖች ከትምባሆና ከሜንቶል በስተቀር ከገበያ እንዲነሡ። ካርትሪጅ የሌላቸውን፣ ዲስፖዘብል የምንላቸውን ሲያልቁ የሚጣሉ ቬፖች ግን ተዋችኋቸው፤ ያኔ ልጆቹ ብዙም አይይዟቸውም ነበርና።

ማስታወቂያው ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ አንድ አከፋፋይ ካርቶን ተሸክሞ ገባ። ወጣት ነው፣ በደንብ አውቀዋለሁ። ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ቴፑን በቁልፉ ቀደደና አንዱን አውጥቶ በሁለት ጣቱ ያዘው። «ጋሼ፣ እየው እስቲ፤ የሚነቀል ነገር አለው?» አለኝ። የለውም። ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ፕላስቲክ ነው፤ መጠኑ የማስቲካ ፓኬት ያህላል፣ ጣዕሙ ማንጎ። «ካርትሪጅ ነው የተከለከለው። ይሄ ካርትሪጅ የለውም። ደንቡ አይነካውም» አለኝ። እንደ እናንተ ጽሑፍ ከሄድን ልክ ነበር። እኔ አልወሰድኩም፤ ልጅ ያለው ሰው ማንጎ የሚሸት ኒኮቲን ለማን እንደተሠራ ለማወቅ የሕግ አማካሪ አያስፈልገውም። ካርቶኑን ግን ዘግቶ ወደሚቀጥለው ሱቅ ነው የወሰደው።

የሜሪላንድ ኮምፕትሮለር፣ የግዛቱ የግብር ሹም፣ ቀዳዳውን በዚያው በፌብሩዋሪ አይቶ ጣዕም ያላቸው ዲስፖዘብሎች ከሱቅ እንዲወጡ አዘዘ። የፌዴራሉ ደንብ ግን ባለበት ቀጠለ። ውጤቱን እናንተው ቆጥራችሁታል፦ ቬፕ ከሚያጨሱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መካከል ዲስፖዘብል የሚጠቀሙት በ2019 2.4 በመቶ ነበሩ፤ በ2020 26.5 በመቶ ሆኑ። የሚያጨሱት ተማሪዎች ጠቅላላ ቁጥር በዚያ ዓመት መቀነሱን አልክድም፤ ደስም ብሎኛል። ነገር ግን የቀሩት ልጆች ወዴት እንደተሻገሩ ቁጥሩ ይናገራል። የመሩትም የጽሑፋችሁ ቃላት ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በተመሳሳይ መንገድ ይቀጥላል። ሥልጣናችሁ ከትምባሆ በሚገኝ ኒኮቲን ላይ ብቻ ነው ሲባል፣ አምራቾች በላቦራቶሪ የተሠራ ኒኮቲን አመጡ። ኮንግረስ በማርች 2022 ሕጉን አሻሽሎ ኒኮቲን ከየትም ይምጣ ከየት በእናንተ ሥር እንዲሆን አደረገ። ቆየት ብሎ ደግሞ ስድስት-ሜቲል ኒኮቲን የሚባል፣ በኬሚካል አሠራሩ ከኒኮቲን ትንሽ የሚለይ ነገር የያዙ ዕቃዎች ብቅ አሉ፤ «ይሄ ኒኮቲን አይደለም፣ ሕጉ አይመለከተውም» ተብሎ። አረቄ የሚመዘነው በጥንካሬው እንጂ በጠርሙሱ ቅርጽ ወይም በወጣበት እህል አይደለም። እናንተ ግን እስካሁን ጠርሙሱን ነው የምትከታተሉት።

አሁን ገበያ ላይ ያለው ቬፕ ምን እንደሚመስል ቀርባችሁ እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ። አንድ ደንበኛ ሌላ ቦታ የገዛውን ጨርሶ «የት ልጣለው?» ብሎ ባንኮኒዬ ላይ ትቶት ሄደ። ባትሪውን እንዳልወጋ ተጠንቅቄ ቅርፊቱን ፈለቀቅኩት። ከውስጥ ጣት የሚያህል የሊቲየም ባትሪ ወጣ። ከጎኑ በፈሳሽ የራሰ፣ ጣፋጭ ሽታው ክፍሉን የሞላ ጥጥ አለ። በጥጡ መሐል ፈሳሹን የሚያተነው ቀጭን ሽቦ፣ ኮይል የሚሉት፣ ከረሜላ ተቃጥሎ የተጣበቀበት ይመስል ጠቁሯል። ከታች ሰው ሲስብ የአየሩን ግፊት ለይቶ ባትሪውን የሚያበራ ሴንሰር፣ ባለ ቀለም ስክሪን የተገጠመበት ትንሽ የሰርኪት ሰሌዳ፣ እንደ ስልክ ያለ የቻርጅ ቀዳዳ።

እያንዳንዱ ክፍል ወደ አንድ ደንብ ወይም ወደ አንድ ክፍተት ይመራል። ፖዱ፣ ማለትም የፈሳሹ መያዣ፣ የማይነቀለው የ2020ው ጽሑፍ የሚነቀለውን ስለከለከለ ነው። ማጠራቀሚያው የተለጠጠው እዚህ አገር ስንት ሚሊ ሊትር ይያዝ የሚል ወሰን ስለሌለ ነው። ማጠራቀሚያው ሲተልቅ አንድ ቻርጅ አልበቃ አለ፤ ስለዚህ ሊጣል በተሠራ ዕቃ ላይ የቻርጅ ቀዳዳ ተበሳለት። ስክሪኑ የባትሪውንና የፈሳሹን መጠን ያሳያል፣ አንዳንዱ ላይ ምስል ይንቀሳቀሳል፣ ጨዋታ የጫኑበትም አለ፤ ጨዋታ ያለው ኒኮቲን ለአርባ ዓመት አጫሽ እንዳልተሠራ እናንተም ታውቃላችሁ። ይህን ሁሉ የተሸከመውን ባትሪ ደግሞ ሰው ከቆሻሻ ጋር ይጥለዋል፣ የቆሻሻ መኪና ይጨፈልቀዋል፣ እሳት ይነሣል።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት ላስቀምጥ። በእንግሊዝ አገር የአንድ ቬፕ ማጠራቀሚያ ከ2 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ፣ በሚሊ ሊትርም ከ20 ሚሊ ግራም በላይ ኒኮቲን መያዝ አይችልም። ሲባዛ 40 ሚሊ ግራም ነው። እዚህ በየሱቁ የሚገኘው፣ ፈቃድ የሌለው ትልቁ ዲስፖዘብል 16 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል፤ ጥንካሬው ብዙውን ጊዜ በሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ሲባዛ 800 ሚሊ ግራም። ሃያ እጥፍ ማለት ነው፤ ያውም በአንድ ልጅ ኪስ ውስጥ። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ግን ይህ ቁጥር አይደለም። የሚጻፈው ስንት ጊዜ እንደሚሳብ ነው፦ 15,000፣ 25,000። ሰውየው ስንት ኒኮቲን እንደገዛ ከካርቶኑ ማወቅ ከፈለገ ራሱ ማባዛት አለበት።

እንግሊዞች ሁሉን አሳክተዋል ማለቴ አይደለም። በጁን 1 ቀን 2025 አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጣሉ ቬፖችን ከለከሉ። ምክንያታቸው ልጆችና ቆሻሻ ነበር። ሕጉ አንድ ቬፕ ዳግም የሚሠራ ነው የሚባለው ባትሪው ቻርጅ ሲደረግ፣ ፈሳሹ ሲሞላና ኮይሉ ሲቀየር ነው አለ። አምራቾቹም ያንኑ የሚመስል ዕቃ የቻርጅ ቀዳዳና የሚነቀል ፖድ ጨምረውበት አመጡ። ዋጋው ከበፊቱ እምብዛም ስላልራቀ ፖዱን ገዝቶ ከመቀየር ይልቅ ሙሉውን መጣል የሚቀለው ሰው ብዙ ነው። ከእነሱ መማር ያለብን ሁለቱንም ነው። በመልክ ላይ የተጻፈው ደንብ እዚያም ቶሎ ታልፏል። በኒኮቲኑ ላይ የተጻፈው ግን ጸንቷል፤ በሕጋዊ መንገድ የሚሸጠው ቬፕ ዛሬም ከ20 ሚሊ ግራም አይበልጥም።

ስለ አዋቂው ተጠቃሚ ደግሞ ላንሣ፤ ስለ እሱ የሚናገርለት ሰው ጥቂት ነው። አንድ የታክሲ ሹፌር ደንበኛ አለኝ። በቀን ሁለት ፓኬት ያጨስ ነበር። ሳሉ ከመኪናው ሳይወርድ ይሰማኝ ነበር። ከዓመታት በፊት የትምባሆ ጣዕም ያለው ፖድ ጀመረና ሲጋራውን ተወ። በ2019 ክረምት የቬፕ ሕመም የሚባለው ነገር ተነሣ። በየሬዲዮውና በየቴሌግራሙ «ቬፕ ሳንባ ይበሳል» ተባለ። እስከ ፌብሩዋሪ 2020 ድረስ 2,807 ሰው ሆስፒታል ገብቷል ወይም ሞቷል ተብሎ ተመዘገበ፤ ከእነሱ 68ቱ ሞተዋል። ምርመራው ዋናውን ምክንያት ያገኘው በሕገወጥ መንገድ በሚሸጥ የካናቢስ ካርትሪጅ ውስጥ የተጨመረው የቫይታሚን ኢ አሲቴት ላይ ነው። ይህ ማብራሪያ እኛ ሰፈር ሲደርስ ግን ሹፌሩ ወደ ሲጋራው ተመልሶ ነበር። «ያኛው ቢያንስ የማውቀው ሞት ነው» አለኝ። እንደገና ለመተው ረጅም ጊዜ ፈጀበት።

ከተወ በኋላም ሰላም አላገኘም። የለመደው ዕቃ ከመደርደሪያ ይጠፋል፤ ማመልከቻው ውድቅ ሆነ ይባላል፤ ቆይቶ ታገደ ይባላል፣ እንደገና ተፈቀደ ይባላል። ጁልን በጁን 2022 ከገበያ ይውጣ ብላችሁ ውሳኔውን ወዲያው አገዳችሁት፣ በ2024 ሻራችሁት፣ በጁላይ 2025 የትምባሆና የሜንቶሉን ፈቀዳችሁ። ሕጉ ማመልከቻ በ180 ቀን ውስጥ ይወሰን ይላል። እስከ ሴፕቴምበር 2020 ማመልከቻ የቀረበላቸው ምርቶች ከ6 ሚሊዮን በላይ እንደነበሩ አውቃለሁ፤ የሰው ኃይላችሁ እንደማይበቃም እረዳለሁ። ይሁንና ያ መዘግየት ሕጋዊውን ዕቃ በአሮጌ ቴክኖሎጂ አስሮ አስቀመጠው። በኦክቶበር 2021 የመጀመሪያውን ፈቃድ የሰጣችሁት ቩዝ ሶሎ ቀድሞ የነበረ፣ የሲጋራ ቅርጽ ያለው ዕቃ ነው። ሕገወጡ በየወሩ ስክሪን እየጨመረ ሲመጣ፣ ሕግ ያከበረው ደንበኛ ፊት የምዘረጋው ያንን ነው። ሰው ወዴት እንደሚሄድ መገመት አይከብድም።

የባለሱቁ ነገር ደግሞ ይህ ነው። እስከ ጁላይ 2025 የፈቀዳችኋቸው ምርቶች 39 ነበሩ፤ ሁሉም የትምባሆ ወይም የሜንቶል። ከፈቀዳችሁት ውጭ ያለው በሙሉ ሕገወጥ ነው። እኔ ከዝርዝሩ ውጭ ምንም አልይዝም። ከእኔ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ያለ ሱቅ ይይዛል፤ ማታ ማታ ሰው ተሰልፎ አያለሁ። በሴፕቴምበር 2023 በ22 ባለሱቆች ላይ ለእያንዳንዳቸው 19,192 ዶላር ቅጣት ጠይቃችኋል። ለትንሽ ሱቅ ይህ ገንዘብ የወራት ኪራይ ነው። ሕግ የጣሰ ይቀጣ፤ አልቃወምም። ነገር ግን በቋንቋው ያልተነገረው፣ አከፋፋዩ «ፈቃድ አለው» ብሎ ያሳመነው፣ ሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው በአንድ ወገን፣ ዕቃውን በኮንቴይነር የሚያስገባው በሌላ ወገን አሉ። በ2025 ቺካጎ ላይ 86.5 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ 4.7 ሚሊዮን ዕቃ መያዙን ሰምቼ ልቤ ቀለለኝ። ክንዳችሁ መበርታት ያለበት እዚያ ወደብ ላይ ነው።

ሌላም አለ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ኢስተርን ጎዳናን ስትሻገሩ ዲሲ ናችሁ። ዲሲ ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ ጣዕም ያለው የትምባሆ ምርት፣ ሜንቶሉን ጨምሮ፣ እንዳይሸጥ ከልክላለች። እናንተ የፈቀዳችሁት የሜንቶል ቬፕ ከመንገዱ በዚህኛው ወገን ይሸጣል፣ በዚያኛው ወገን ያስቀጣል። ከአውቶቡስ ወርዶ መንገድ የሚሻገር ደንበኛ ይህን እንዴት ይወቅ? ከሁለቱም ወገን ሱቅ ያላቸው ወገኖቼ ዕቃ ሲያዘዋውሩ እንዴት ይለዩ?

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው። የኒኮቲኑን ጥንካሬ በሚሊ ሊትር፣ የዕቃውን ጠቅላላ ኒኮቲን በሚሊ ግራም የሚወስን መመዘኛ አውጡ። ሕጉ የምርት መመዘኛ የማውጣት ሥልጣን ሰጥቷችኋል። ካርትሪጅ ይኑረው አይኑረው፣ ይነቀል አይነቀል፣ ኒኮቲኑ ከቅጠል ይምጣ ከላቦራቶሪ፣ ራሱ ኒኮቲኑም ይሁን የኬሚካል ዘመዱ፣ ቁጥሩ ሁሉንም ይያዝ። ቁጥሩም ስንት ጊዜ እንደሚሳብ ከሚናገረው ጽሑፍ በጎላ ፊደል ካርቶኑ ላይ ይጻፍ። ስክሪንና ጨዋታ የዚህ ዕቃ አካል እንዳይሆኑ በግልጽ ከልክሉ።

ዲዛይንን ለበጎ የሚለውጥ ደንብ መጻፍ እንደሚቻልም ከራሳችሁ አገር ማስረጃ አለ። በጃንዋሪ 2016 የተፈረመው ሕጻናትን ከኒኮቲን መመረዝ የሚጠብቅ ሕግ የፈሳሹ ጠርሙስ ልጅ የማይከፍተው ክዳን እንዲኖረው፣ አፉም ቢገለበጥ ብዙ እንዳያፈስ አስገደደ። አጭር ሕግ ነው፤ ስለ ጠርሙሱ ቅርጽ አይጨነቅም፤ ልጁ መክፈት ወይም ማፍሰስ ይችላል ወይስ አይችልም ብቻ ነው የሚጠይቀው። ታሽጎ የሚሸጠው ቬፕ ግን ከዚህ ውጭ ሆኗል። ሕፃን አንሥቶ አፉ ላይ አድርጎ ቢስበው ሴንሰሩ ሳይጠይቅ ይበራል። መቆለፊያ መሥራት ቴክኖሎጂው አለ፤ በስልክ ካልተከፈተ የማይሠራ ቬፕ ሌላ አገር ተሸጧል። እንዲህ ያለ መቆለፊያ፣ የተሻለ ባትሪ ወይም የሚቀየር ኮይል የሚጨምር አምራች ሙሉ ማመልከቻ ከመጀመሪያው እንዲያዘጋጅ አታስገድዱት፤ ለደህንነት ብቻ ለሚደረግ ለውጥ አጭር መንገድ ክፈቱ፤ 180 ቀኑንም አክብሩ።

ለባለሱቁ ደግሞ የተፈቀዱትን ዕቃዎች ፎቶ የያዘ አንድ ገጽ ወረቀት በአማርኛ አትሙልን። ዲሲ በ2004 በወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት ለነዋሪዋ በአማርኛ ታገለግላለች፤ እናንተም ከጎኗ ናችሁ። ተቆጣጣሪዎቻችሁ ሲመጡ ወረቀቱን ይዘው ይምጡ። ዝርዝሩ ሲለወጥ በዚያው ሳምንት ይድረሰን። በጁን 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ባለሱቅም በፈቃድ ክልከላ ላይ መክሰስ ይችላል ብሎ ወስኗል። እኛ ግን የምንፈልገው ፍርድ ቤት መመላለስ አይደለም፣ በጊዜው መስማት ነው።

ወገኖቼ፣ ለእናንተም ጥቂት ቃል አለኝ። ካርቶን ይዞ የሚመጣውን አከፋፋይ የዕቃው ስም በተፈቀዱት ዝርዝር ላይ ያለበትን አሳየኝ በሉት፤ ካላሳየ ካርቶኑን አታስከፍቱት። አይዲ ሳታዩ ለማንም አትሽጡ፤ ከዲሴምበር 2019 ወዲህ ዕድሜው 21 ነው፣ የጓደኛችሁም ልጅ ቢሆን። ወላጆች፣ በልጃችሁ ቦርሳ ውስጥ ስክሪን ያለው፣ ፍራፍሬ የሚሸት ነገር ብታገኙ ከመቆጣታችሁ በፊት ካርቶኑን ፈልጋችሁ ሚሊ ሊትሩንና በአንድ ሚሊ ሊትር ያለውን የኒኮቲን ሚሊ ግራም አንብቡ፣ አባዙት፣ ለሐኪሙም ቁጥሩን ንገሩት። 800 ሚሊ ግራም ሲጨርስ የቆየ ልጅ በቁጣ አይተውም፤ ሱስ ይዞታል፣ ሕክምና ይፈልጋል።

ለእረፍት አዲስ አበባ የምትሄዱም፣ ለአክስት ልጅ ቬፕ በስጦታ አትውሰዱ። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ሽያጭን ከልክላለች። ሻንጣ ውስጥ አስገብቶ ለጭነት መስጠትም በአቪዬሽን ሕግ የተከለከለ ነው፤ ባትሪው ጭነት ክፍል ውስጥ ሊቀጣጠል ይችላል። እዚህ የተቸገርንበትን ዕቃ እዚያ ለማያውቀው ልጅ አናድርስ።

የማዕከሉ ባልደረቦች፣ ከግቢያችሁ እስከ ሱቄ ረጅም መንገድ አይደለም። ደንብ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ምሽት መጥታችሁ ከባንኮኒው ጀርባ ከእኔ ጋር ብትቆሙ፣ ማን ምን ብሎ እንደሚጠይቅ፣ አከፋፋዩ ምን እንደሚል፣ ሹፌሩ ምን እንዳጣ በጆሯችሁ ትሰማላችሁ። ለእንግሊዝኛው ቅጂ የምትሰጡኝን መልስ ለሰፈሩ ሰው በአማርኛ አነባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሲልቨር ስፕሪንግ ባለሱቅ